ከሐይቃችን በታች ያለው ተራራ

ሐምሌ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ዛሬ ተራራ ሥራ ተብያለሁ።

ያስጠራኝ ጓድ ኃይለሚካኤል ነው፤ ለአብዮት በዓሉ ኤግዚቢሽን ኃላፊ ያደረጉት ካድሬ። ወንበር እንኳ ሳይሰጠኝ፣ «ጓድ ኩማ፣ የጂኦግራፊ መምህር ነህ አይደል? ለአሥረኛው ዓመት ራስ ዳሸንን በጀሶ ትሠራልናለህ። አዳራሹ መሐል ይቀመጣል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ባንዲራ» አለኝ። ራስ ዳሸንን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሄድኩት ፍቼ ድረስ ነው፤ እሱም ለለቅሶ።

«ካርታ ያስፈልገኛል» አልኩት።

«ጠይቅ፤ ይሰጡሃል።» ከዚያ አንድ ፋይል ገለጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለቤትህ ከጎባ እንድትዛወር ያቀረብከው ማመልከቻ እዚህ ነው ያለው። ሥራህ ካማረ እኔ ራሴ አስፈርምልሃለሁ። ካላማረ ደግሞ…» አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

ታቢታ ነርስ ናት። ጎባ ከተመደበች ዓመት ከስምንት ወር ሆናት። ቤታችን ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። በእሷ ወንበር ላይ ልብሴን አስቀምጣለሁ፣ ባዶውን እንዳላየው።

ሐምሌ 14

ካርታ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ሰውየው መጀመሪያ ትሁት ነበር። የስሜን ተራሮች የከፍታ መስመር ያለበት ካርታ ስለው ድምፁ ተለወጠ። «ለምንድነው የፈለጉት? ስምዎትን እስቲ ይድገሙልኝ።»

ስልኩን ዘጋሁት። የአርባ አራት ዓመት ሰው እንደ ሌባ ስልክ ዘግቼ ሮጥኩ።

ሐምሌ 19

ዝናብ። ካርታ የለም። በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ራስ ዳሸን አንዲት ጥቁር ሦስት ማዕዘን ናት። ከሷ ምን ይወጣል? ከታቢታ ደብዳቤ የለም።

ሐምሌ 22፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ እሑድ የሚባል ቀን አያልቅም። ድሮ መዝሙር ነበረ፣ ከመዝሙር በኋላ የሰው ቤት ነበረ። አሁን ቁጭ ብዬ ጣሪያው ሲያፈስ አያለሁ።

ዛሬ ያፈሰሰው የታቢታ ሳጥን ላይ ነው። ትታው የሄደችውን ልብስ አውጥቼ፣ ውስጡን ያለበሰችበትን ወረቀት ለማድረቅ ስልጠው ከሥሩ ካርታ ወጣ። የዴክላን ካርታ ነው። የእሱ ወረቀት ሁሉ ከስድስት ዓመት በፊት የጠፋ መስሎኝ ነበር። ይኸኛው እንዴት እንደተረፈ አላውቅም።

ዴክላን አየርላንዳዊ ነው። እኛ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮ በ1969 ሰኔ ላይ አገሩ ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ታቦር ተራራ አብረን እንወጣ ነበር፤ እሱ እያፏጨ፣ እኔ እያለከለክሁ። መናኸሪያ ልሸኘው ሄጄ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ይህን ካርታ በመስኮት አቀበለኝ። የአገሩ ትልቁ ተራራ ነው፤ ካራንቱል ይሉታል። ከፍታው 3414 ጫማ ይላል። በሐሳቤ ወደ ሜትር ቀየርኩትና ሳቅ አፈነኝ።

«አንድ ሺህ አርባ ሜትር? ዴክላን፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡት ሰዎች ከተራራህ ጫፍ ስድስት መቶ ሜትር በላይ ተቀምጠዋል እኮ! ተራራህ ከሐይቃችን በታች ነው!»

እሱም ሳቀ። «እናንተ ከመሐል ትጀምራላችሁ፤ እኛ የምንነሳው ከባሕር ነው። መጥተህ ስትወጣው እንሳሳቃለን» አለኝ። እመጣለሁ አልኩት። አውቶቡሱ ሄደ።

ካርታውን አልጋው ላይ ዘርግቼ ሳየው ዋልኩ። በየመቶ ጫማው አንድ መስመር አለ፤ ከሸለቆው እስከ ጫፉ ሠላሳ መስመር ቆጠርኩ። በየመስመሩ አንድ ካርቶን ቢቆረጥ፣ ቢደራረብ፣ ጀሶ ቢለበጥበት ተራራ ይሆናል። አዋሳ ውስጥ ራስ ዳሸንን ያየ ሰው የለም፤ ካራንቱልንም ያየ የለም።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ወስኛለሁ።

ሐምሌ 24

ፒያሳ ሙህዲን ሱቅ ካርቶን ልለምን ሄድኩ።

«መምህር፣ ቤት ሊቀይሩ ነው እንዴ?»

«ተራራ ልሠራ ነው።»

«በሳሙና ካርቶን? ወላሂ ጉድ ነው!» ከጓዳ እየጎተተ ሃያ ያህል አወጣልኝ። ካርቶኑን ሲያስርልኝ ቆይቶ፣ «እህቴ ታቢታ መቼ ነው የምትመጣው? እሷ ከሄደች ወዲህ የሚገዙት ሁሉ የአንድ ሰው ሆነ» አለ። ክፉ አስቦ አይደለም። እስከ ቤት ድረስ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ነሐሴ 1

ዘጠኝ ንብርብር ተለጥፏል። የዱቄት ሙጫ። ሌሊት አይጥ ከምሥራቅ በኩል በልታልኛለች። የአፈር መሸርሸር ነው ብዬ ተውኩት።

ለታቢታ ጻፍኩ፦ «ተራራ እየሠራሁ ነው። የማን ተራራ እንደሆነ ስትመጪ ታዪዋለሽ።» ደብዳቤ ስለሚከፈት ከዚህ በላይ አልጨመርኩም።

ነሐሴ 6

ዛሬ የሰይጣን መሰላል የሚሉትን ሠራሁ። በሁለት ሸንተረር መሐል ያለ ቀጥ ያለ ጎድጓዳ ነው። ካርታው ላይ መስመሮቹ እዚያ ጋ ተጣብቀው አንድ ወፍራም ቀለም ይመስላሉ። ዴክላን ታቦር አናት ላይ ተቀምጦ ስንት ጊዜ ነግሮኛል! ድንጋዩ ልቅ ነው፤ በመሐሉ ውኃ ይወርዳል፤ የቀደመህ ሰው የረገጠው ድንጋይ በአናትህ ይመጣል። ስለዚህ ከፊትህ ያለውን ሰው እየጠራህ ነው የምትወጣው። «አለህ?» ትላለህ፤ «አለሁ» ይልሃል።

በምላጭ ስቆርጥ ሳላስበው «አለህ?» ብያለሁ። ደግነቱ ሰሚ አልነበረም።

ነሐሴ 10

የታቢታ ደብዳቤ መጣ። አምስት መስመር። ጎባ ብርድ ነው፤ የላክሁት ሹራብ ደርሷል፤ ሥራ ብዙ ነው። «ስለ ተራራው ገርሞኛል» ትላለች። መቼ እንደምትመጣ አልጻፈችም። የዝውውሩን ማመልከቻ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አልጠየቀችም። ምናልባት መጠየቅ እንደምትችል አላወቀችም ይሆናል።

ነሐሴ 17

ጀሶው እስኪደርቅ ሥራ የለም። ሥራ ሲጠፋ ሐሳብ ይመጣል። እስቲ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ዴክላን ሦስት ጊዜ ጽፎልኝ ነበር። ለአንዱም አልመለስኩም። ጊዜው 1970 ነው፤ ከውጭ ደብዳቤ የመጣለት ሰው በሌሊት የሚወሰድበት ጊዜ። ሦስተኛውን ፖስታ የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ ከፍ አድርጎ ያዘው። «ኩማ፣ አየርላንድ ማን አለህ?»

ተነሥቼ፣ «የማላውቀው ሰው ነው። በስህተት ነው የመጣው» አልኩ። ፖስታውን ወረወረልኝ።

ታቢታ ከሴቶቹ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ቤት ገብታ ነጠላዋን እያጠፈች፣ «ይርጋለም ያደረሰኝ ሰው ነው» አለች። ይህን ብቻ። ነፍሰ ጡር የነበረችበት ክረምት ነው፤ ደም እየፈሰሳት፣ ዴክላን የትምህርት ቤቱን ላንድሮቨር አስነሥቶ በዚያ ጭቃ ሌሊቱን ይርጋለም ሆስፒታል አድርሷታል። ልጁን አጣነው፤ እሷ ግን ተረፈች።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ብታሰር ማንን ይጠቅማል? እሷ ይህን ታውቃለች። ጎባ ሲመድቧት አቤቱታ ያላስገባችው ደክሟት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ነሐሴ 24

ጓድ ኃይለሚካኤል ሊያይ መጣ። ተራራውን ሦስት ጊዜ ዞረው። ከመሰላሉ ሥር ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ሐይቆች ላይ ጣቱን አሳረፈ። በሰማያዊ የቀባኋቸው ካርታው ላይ ስላሉ ነው። ማጥፋት ነበረብኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

«ዳሸን ላይ ሐይቅ አለ እንዴ?»

«የክረምት… የክረምት ውኃ ነው» አልኩ።

«ጥሩ ነው። ውኃ ልማት ነው። እንዲያውም ትንሽ ሰፋ አድርገው።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል፣ ሊወጣ በሩ ላይ ቆሞ ያለው ነገር ወገቤን ቆረጠው። «ለአዳራሹ ጥበቃ ከግንባር ቆስሎ የመጣ አሥር አለቃ ሰጥተውናል። የስሜን ሰው ነው፤ እዚያው ዳሸን ሥር ተወልዶ ያደገ። በመክፈቻው ዕለት በሕዝብ ፊት ይመሰክርልሃል።»

ባለፈው ወር መፈክር ላይ አንድ ፊደል የገደፈ የታይፕ ጸሐፊ አሻጥር ሠርቷል ተብሎ አሥራ አንድ ቀን ታስሯል። እኔ የገደፍኩት ፊደል አይደለም፤ አንድ ሙሉ ተራራ ነው።

ጳጉሜን 3

እንቅልፍ የለም። ጫፉ ላይ ባንዲራውን ተከልኩ። 4620 ሜትር ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ላፈርሰው አሰብኩ። ታቢታስ?

ጳጉሜን 5

በጋሪ ወሰዱት። ዝናቡን ፈርቼ የአልጋ ልብሴን አለበስኩት። ቤቱ ጭር አለ። ለካ ከሱ ጋር ሳወራ ነው የከረምኩት።

መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

አልታሰርኩም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጓድ ኃይለሚካኤል አሥር አለቃ ወልደአማኑኤልን በስም ጠርቶ ወደ ፊት አወጣው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። በክራንች እየተራመደ መጥቶ ተራራው ፊት ቆመ። መጀመሪያ ሐይቆቹን አየ፤ ቀጥሎ ጫፉን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ።

«እህ፣ አሥር አለቃ? ልክ ነው?»

«ልክ ነው፣ ጓድ» አለ። «ትንሽ አንሷል እንጂ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ተጨበጨበ። ጓድ ኃይለሚካኤል ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ሳቅሁ።

መስከረም 5፣ ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወርዶ አዳራሹ ባዶ ሆነ። እኔ አቧራ ልጠርግ ብዬ ሄጄ ነበር፤ ሰበብ ነው። አሥር አለቃ ወልደአማኑኤል በሩን ገርበብ አደረገና ክራንቹን አስደግፎ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ይኼ አገሬ አይደለም።»

የያዝኩትን መጥረጊያ አስቀመጥኩ።

«እኔ የጃናሞራ ልጅ ነኝ። ዳሸን ሥር ከብት ጠብቄያለሁ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሐይቅ የለም። ጫፉም እንዲህ ሾሎ አይቆምም። ገና ስገባ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ልክ ነው አሉ?»

«ፊትዎን አይቼ ነዋ! እንደዚያ ያለ ፊት ግንባር ላይ ነው የማውቀው።» የሌለውን እግሩን ሊያክ እጁን ሰደደና መለሰው። «ለመሆኑ የማን አገር ነው?»

አፌ ላይ የመጣው ያው የድሮው ቃል ነበር፤ አላውቀውም ልል ነበር። «አብሮን ያስተማረ የአንድ ፈረንጅ» አልኩት። እንደዚህ ነው ያልኩት፤ አብሮን ያስተማረ አንድ ፈረንጅ።

«ወጥቶታል?»

«ብዙ ጊዜ።»

በርጩማውን ወደ ተራራው አስጠጋ። «እንግዲህ እኔ ዳግመኛ ተራራ አልወጣም። እስቲ ያውጡኝ።»

አወጣሁት። ጣቱን ይዤ ተራራው ሥር ካለው የአንድ ገበሬ ግቢ ጀመርን። ጀርባቸው በቀለም ምልክት የተደረገባቸው በጎች አሉ አልኩት። ወንዙን ዳር ዳሩን ይዘን የአሮጊቷ ሸለቆ በሚሉት ገባን። ወንዙን በድንጋይ ላይ እየረገጥን ተሻገርን። «እግርህን አርጥበሃል» አልኩት፤ ሳቀ። አንተ ማለቴ ያኔ አልታወቀኝም። በሁለቱ ሐይቆች መሐል አለፍን። መሰላሉ ሥር ስንደርስ ቆምኩና ከፊት ያለውን ሰው እየጠራን እንደምንወጣ ነገርኩት።

«አለህ?» አልኩ።

«አለሁ» አለ፣ ቆፍጠን ብሎ።

ልቅ ድንጋዩን፣ ውኃውን፣ በእጅ መቧጠጡን አለፍን። በሁለቱ ሸንተረር መሐል ያለው ኮርቻ መሳይ ቦታ ላይ ወጥተን ነፋሱ ፊታችንን መታን፤ ወደ ቀኝ ታጥፈን የመጨረሻውን ዳገት ያዝን። ዴክላን የነገረኝን አንዷን እንኳ አልረሳሁም።

«ጫፉ ላይ ምን አለ?»

«ባንዲ…» ካልኩ በኋላ ተውኩት። «ትልቅ መስቀል።»

አማተበ። «ሲወርዱስ?» አለኝ።

«ሰው የሚሞተው ያኔ ነው። ከባሕር ድንገት ደመና ይመጣል። የመጣህበት መንገድ ይጠፋሃል፤ የተሳሳተውን ከያዝክ ገደል ነው። ስለዚህ መስቀሉን ተጠግተህ እስኪገለጥ ትጠብቃለህ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ሰውየው አለ? ደህና ነው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

ይኸኛው አላውቅም እውነት ነበር። በሕይወቴ እንደዚህ ያመመኝ ቃል የለም።

መስከረም 11

ጓድ ኃይለሚካኤል ቃሉን ጠበቀ። ዝውውሩ ተፈርሟል፤ ጎባም ደርሷል። በደስታ መጨፈር ነበረብኝ።

የታቢታ ደብዳቤ ዛሬ ገባ። እንዳለ ልገልብጠው፦

«ኩማ፣ የዝውውሩ ወረቀት ደርሶኛል። አልቀበልም የማለት መብት አለሽ ብለውኛል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አስቤ እንድመልስ ነው። ስለ ተራራው ስትጽፍልኝ ካርታውን እንዳገኘኸው ገባኝ። ከሳጥኑ ሥር የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤዎቹን ምድጃ ውስጥ ስትከታቸው በመስኮት አይቼህ ነበር፤ እሱን ብቻ ነው ማትረፍ የቻልኩት። አላዝንብህም፤ ጊዜው ክፉ ነበር። ግን ጊዜው ካለፈ በኋላም አልጻፍክለትም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ዛሬ ማን ነው ብለው ቢጠይቁህ ምን ትላለህ? ታቢታ።»

እዚህ ደብተር ላይ ጠፍቷል ብዬ ጽፌያለሁ። አልጠፋም። አቃጥያለሁ። ሦስቱንም፤ ሦስተኛውን ሳልከፍተው። ለማንም በማላሳየው ደብተር ላይ እንኳ ዋሽቻለሁ።

መስከረም 12

ለታቢታ መልስ ስጽፍ ዋልኩ። አራት ወረቀት ቀደድኩ። አሁንማ ለውጫለሁ ማለት ቀላል ነው። የሚጻፈውስ ለእሷ ነው?

መስከረም 14፣ ሰኞ

ጠዋት ፖስታ ቤት ሄድኩ። ለዴክላን የጻፍኩት አንድ ገጽ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት። ተራራውን ከሳሙና ካርቶን እንደሠራሁት፣ አንድ እግር የሌለው የስሜን ሰው እንደወጣው፣ ከሐይቃችን በታች ነው ብዬ በመሳቄ እንዳፈርኩ ነገርኩት። በሕይወት ካለህ «አለሁ» ብለህ ጻፍልኝ አልኩ።

በመስኮቱ ያለችው ልጅ ሪኮማንዴ፣ የአደራ ደብዳቤ ከሆነ፣ የላኪ ሙሉ ስም ይጻፋል አለችኝ። ከነአያቴ ጻፍኩ። የተቀባዩን አድራሻ ከየትም ሳልገለብጥ ጻፍኩት፤ መንደሩን፣ ፖስታ ቤቱ ያለበትን ከተማ፣ አውራጃውን። ደብዳቤዎቹን ካቃጠልኩ ወዲህ በልቤ ሳልደግመው ያደርኩበት ቀን የለም።

ልጅቷ ፖስታውን ገልበጥ አድርጋ አየችና ድምፏን ቀነሰች። «ወደ ውጭ ነው እንዴ ጋሼ? ምንዎ ነው?»

ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎችም ነበሩበት።

«ወዳጄ ነው» አልኩ። ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ከፍ ብሎ ወጣ።

ማኅተሙን መታች፤ ደረሰኙን ሰጠችኝ። የዴክላን ስም ላዩ ላይ አለ፤ የእኔም ስም ከሥሩ። ሌላ ፖስታ ገዛሁና ደረሰኙን ከትቼ ወደ ጎባ፣ ለታቢታ ላክሁት። ሌላ ምንም አልጻፍኩበትም።

ቤት ስመለስ ልብሴን ከወንበሯ ላይ አነሣሁ።